ሰበቃ የሌለውም ፈሳሽ ይናወጣል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ከኋላ ገጽ ጀምረው ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። መጀመሪያ ስፖርቱ፣ ቀጥሎ ድንቃድንቁ፣ ፖለቲካው ጊዜ ከተረፈ። በቅርቡ በድንቃድንቅ አምዳችሁ፣ ሁለት ራስ ይዛ ከተወለደችው ጥጃ ዝቅ ብሎ፣ ስለ ሱፐርፍሉይድ ሂሊየም፣ ማለትም እጅግ ቀዝቅዞ ልዩ ፈሳሽ ስለሚሆነው ሂሊየም ጋዝ፣ አጭር ጽሑፍ ወጥቶ አነበብኩ። ፈሳሹ ምንም ሰበቃ የለውም ይላል። ስለዚህ አንዴ ከፈሰሰ ሳይናወጥ፣ ሳይሽከረከር፣ ለጥ ብሎ ለዘላለም ይፈሳል ይላል። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ በየሆስፒታሉ ያለው፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳው የኤምአርአይ ማሽን የሚቀዘቅዘው በዚሁ ፈሳሽ ነው ይላል።

የመጀመሪያው አባባል ግማሽ እውነት ነው። የመጨረሻው ስህተት ነው፤ እሱን ቶሎ እንገላገለዋለን። የመካከለኛውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። የዚህ ፈሳሽ ዋናው ጉድ ያለው እዚያው እናንተ «የለም» ያላችሁት ቦታ ነው። ይናወጣል። በደንብ ነው የሚናወጠው። እንዴት እንደሚናወጥ ለማወቅ ሰዎች ከ70 ዓመት በላይ ሲለፉ ኖረዋል።

አንተ ማነህ ትሉኝ ይሆናል። የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። የፓምፕ መካኒክ ነኝ፣ ነዋሪነቴ አዳማ። ጉልበቴን የጨረስኩት አዋሽ ዳር፣ ከወንጂ ጀምሮ ወደ ታች፣ ለመስኖ ውሃ የሚስቡ ፓምፖችን ስፈታና ስገጥም ነው። ሰበቃ ለእኔ እንጀራ ነው። ውሃ በቱቦ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር ባይፋተግ ኖሮ፣ ለረጅም መስመር ብሎ ትልቅ ሞተር የሚገዛ አይኖርም ነበር። ለዚህ ነው ጽሑፋችሁን ቀድሞኝ ያየው የቡና ጓደኛዬ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ወደምንቀመጥባት ቤት ገና ስገባ፣ ጋዜጣውን እያውለበለበ «አለቀልህ! ፓምፕ የማይፈልግ ፈሳሽ ተገኘ» ያለኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

አዙሪት የሚባለውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ፓምፕ ከገንዳ ሲስብ ውሃው ካነሰ፣ ከመምጠጫው አፍ በላይ ይነሳል። መጀመሪያ ከቁብ የሚቆጠር አይመስልም። ውሃው ፊት ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ትታያለች። የወደቀ የሸንኮራ ቅጠል ይመጣና ዙሪያዋን ይዞራል። ቆይታ ወደ ታች ትረዝማለች፣ ትቀጥናለች፣ ቀጥ ያለች የአየር መስመር ሆና መምጠጫው ውስጥ ትገባለች። ያኔ የፓምፑ ድምፅ ይለወጣል። ያጓራል፣ ይንኳኳል፣ ኩሽኔታው ይርገፈገፋል። ግፊቱ ይወርዳል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ወይ ውሃውን ከፍ ማድረግ፣ ወይ መምጠጫው አፍ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተበየደ ላሜራ መግጠም። ላሜራው ሽክርክሪቱን ይሰብረዋል። የቀረውን ሰበቃ ይጨርሰዋል። ውሃው ራሱ ከራሱ ጋር እየተፋተገ ይረጋጋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነበር። ሰበቃ በሌለው ፈሳሽ ውስጥ አንድ ጊዜ አዙሪት ቢነሳ ማን ያስቆመዋል? እናንተ «አይሽከረከርም» ስትሉ እኔ የታየኝ ተቃራኒው ነው። አንዴ ከዞረማ መቆሚያ የለውም!

የእህቴ ልጅ ሌላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች። ደወልኩላትና ጽሑፋችሁን አነበብኩላት። «ጋሼ፣ ይሄን የጻፈው ሰው ግማሹን ነው ያነበበው» አለች። ከዚያ ስልኩ እስኪግል አወራን። በሚቀጥሉት ቀናትም አወራን። ከዚህ በታች ያለው እውቀት የእሷ ነው፤ ካርዱ የእኔ ነው።

ሂሊየም መጀመሪያ የታወቀው ፀሐይ ላይ ነው። በ1868፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባለፉበት ዓመት፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ አንድ እንግዳ ቢጫ መስመር ታየ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው የምጽፈው፤ ካላንደር ስቀያይር እንዳልሳሳት።) ምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው። በ1908 ደግሞ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለ ሆላንዳዊ ላይደን ከተማ ውስጥ ወደ ፈሳሽ ለወጠው። ይህ ፈሳሽ የሚፈላው በ4.2 ኬልቪን ነው፤ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። የኤምአርአይ ማግኔት የሚቀዘቅዘው በዚህ በተራው ፈሳሽ ሂሊየም ነው። ሱፐርፍሉይድ አይደለም። ይኸው ተገላገልነው።

ተራውን ፈሳሽ መስታወት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከላዩ ያለውን ተን በቫኪዩም ፓምፕ ብትስቡለት የበለጠ ይቀዘቅዛል። (ፓምፕ የማይፈልግ ፈሳሽ ነበር ያልከው? ብዬ ጓደኛዬን አፍ አስይዤዋለሁ።) እየቀዘቀዘ ሲሄድ ክፉኛ ይፈላል፣ ዕቃው አረፋ በአረፋ ይሆናል። 2.17 ኬልቪን ላይ ሲደርስ አረፋው በአንድ ጊዜ ጥፍት ይላል። ፈሳሹ መትነኑን አላቆመም። ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው በድንገት እጅግ ስለሚጨምር፣ ለብቻው ሞቆ አረፋ የሚያወጣ ቦታ አይኖርም፤ የሚተነው ከፊቱ ላይ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን በቪዲዮ ላከችልኝ። ደጋግሜ አየሁት። ሲንተከተክ የነበረ ነገር፣ ማንም ሳይነካው፣ እንዲያ ጸጥ ሲል ማየት ያስደነግጣል።

ከዚያች ነጥብ በታች ነው ሰበቃ የሚጠፋው። ይህን በጥር 1938 ያሳወቁት በአንድ በኩል ሞስኮ የነበረው ካፒትሳ፣ በሌላ በኩል ካምብሪጅ የነበሩት አለንና ማይስነር ናቸው፤ ጽሑፎቻቸው በአንድ መጽሔት፣ በአንድ እትም ወጡ። ካፒትሳ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። ፈሳሹ በጣም በጠበበ ቀዳዳ ያለ ምንም ችግር ያልፋል። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ በግድግዳው ላይ በስስ ሽፋን ሽቅብ ወጥቶ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ይህን እናንተም ጽፋችኋል፣ ትክክል ነው።

ግን «ሰበቃ የለውም» የሚለው ነገር ሁለት ማሰሪያ አለው። አንደኛው፣ ፈሳሹ እንደ ሁለት ፈሳሽ ነው የሚሠራው። ይህን ሐሳብ ቲሳ በ1938 አቀረበው፣ ላንዳው በ1941 አጠናከረው። አንዱ ተራ ነው፣ ሰበቃ አለው። ሌላው ሰበቃ የለሽ ነው። ሁለቱ እንዲሁ ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ በወንፊት የሚለዩ እንዳይመስላችሁ። ልክ 2.17 ላይ ሁሉም ተራ ነው። ወደ 1 ኬልቪን ሲወርድ ተራው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ማሰሪያ ፍጥነት ነው። ሰበቃ የለሽነቱ የሚሠራው ቀስ ብለው ሲያስኬዱት ነው። ላንዳው ድንበሩን በስሌት ሲያወጣው በሴኮንድ 60 ሜትር ገደማ ሆነለት። ይህ ትልቅ ፍጥነት ነው፤ መኪና ቢሆን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሰፋ ባለ ቱቦ ውስጥ ሲሞከር ግን ፈሳሹ በሴኮንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ሲሄድ መጎተት ይጀምራል። ስሌቱ የት ሄደ? እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በወረቀት ላይ የሚሠራ ቱቦና መሬት ላይ የሚሠራ ቱቦ ልዩነታቸውን የሚያውቅ ሰው ደስ ይለዋል።

ስሌቱን ያፈረሰው አዙሪት ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። በበጋ ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ የሚነሳውን የአቧራ አዙሪት የማያውቅ የለም። ሕፃን የሚያክል አለ። ቆርቆሮ የሚነቅል አለ። ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ፣ ፈጣን አለ፣ ሰነፍ አለ። እንዲህ ሁን ብሎ የወሰነለት የለም። በሱፐርፍሉይድ ሂሊየም ውስጥ ግን ተወስኗል። ኦንሳገር በ1949፣ ፋይንማን በ1955 ያሉት ይህንን ነው። አዙሪቱ የሚዞርበት ኃይል እንደፈለገ የሚሆን አይደለም። አንድ የተቆረጠ መጠን አለው፤ የፕላንክ ቁጥር የሚባለው፣ በአቶሞች ፊዚክስ ውስጥ የማይለወጠው ቁጥር፣ ለአንድ የሂሊየም አቶም ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሴኮንድ አንድ ሺህኛ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ግማሽ አዙሪት የለም። አንድ ከሩብ የለም። ሞስኮም ይሁን ካምብሪጅ፣ ትንሽ ዕቃም ይሁን ትልቅ፣ አዙሪቱ አንድ ዓይነት ነው።

ቁጥሩን በገዛ እጄ በካልኩሌተር ሠራሁት። ከአዙሪቱ መሃል አንድ ሚሊ ሜትር ርቆ ያለው ፈሳሽ የሚዞረው በሴኮንድ 16 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ብቻ ነው፤ በዓይን ቢታይ የቆመ ይመስላል። አንድ ማይክሮን ብቻ ሲርቅ በሴኮንድ 1.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መሃሉ ድረስ፣ አንድ አቶም ወደሚያክለው ክፍተት፣ ስትጠጉ በሴኮንድ 160 ሜትር ይደርሳል። እኔ ገንዳ ውስጥ የማውቀው አዙሪት ልቡ ክንድ ያክላል። የዚህኛው ልብ የአቶም ውፍረት ነው ያለው፣ ርዝመቱ ግን ዕቃውን ከላይ እስከ ታች ሊያቋርጥ ይችላል። ፈሳሹ መሃል ላይም ተቆርጦ አይቀርም። ጫፉ ወይ ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ወይ የፈሳሹ ፊት ላይ፣ አለዚያም ከራሱ ጋር ገጥሞ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ጉልበት በሰጣችሁት ቁጥር እየሰፋ ይሄድና ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሬይፊልድና ራይፍ በ1964 በቤተ ሙከራ ያሳዩት ነው። ጉልበት ስትጨምርለት የሚዘገይ ነገር! እንዲህ ያለ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ገጥሞኝ ያውቃል።

ባልዲ ሙሉ ሱፐርፍሉይድ ብታዞሩስ? ውሃ ቢሆን ከባልዲው ጋር አብሮ ይዞራል። ይኼኛው በአንድነት መዞር አይችልም። ስለዚህ ይከፋፈለዋል። ቀጥ ብለው የቆሙ፣ እኩል እኩል የተራራቁ አዙሪቶች ይሞላሉ። ባልዲው በስድስት ሴኮንድ ገደማ አንድ ዙር ቢዞር፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2000 ያህል አዙሪት ይቆማል። በ1961 ቫይነን የተባለ እንግሊዛዊ በሂሊየሙ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ወጥሮ፣ የሽቦውን ንዝረት እየለካ፣ በዙሪያው ያለው ሽክርክሪት እውነትም በዚያ በተቆረጠው መጠን እንደሚመጣ አሳየ። በ1979 ደግሞ በርክሌይ ካሊፎርኒያ ፓካርድና ባልደረቦቹ ፎቶ አነሷቸው። ኤሌክትሮኖችን አዙሪቶቹ ላይ አጠመዱ፣ ከዚያ በመስመሩ ጫፍ በኩል ጎትተው ወደሚያበራ ስክሪን ላኳቸው። ፎቶው ላይ ነጥብ ነጥብ ብለው ይታያሉ። ትቆጥራቸዋለህ።

እስካሁን ያየነው ሥርዓት ያለውን ነው። ምሁራኑ ቱርቡላንስ የሚሉት ነውጥ የሚመጣው አሁን ነው።

ዕቃው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀዘቅዝ፣ አንዳንድ አዙሪቶች የግድግዳው ሻካራ ቦታ ላይ ተሰክተው ይቀራሉ። የቱቦ ግድግዳ ሻካራነት ምን እንደሚሠራ ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም፤ ዝገት የያዘ ቱቦ ስንት ሞተር እንዳቃጠለ አውቃለሁ። ፈሳሹ ፍጥነት ሲጨምር የተሰኩት መስመሮች ይለጠጣሉ፣ ይጎብጣሉ፣ ይረዝማሉ። ከሌላው ጋር ይጋጠማሉ። ትንሽ ቆይቶ ዕቃው በሙሉ፣ ሕፃን ልጅ ከእናቱ እንዝርት ላይ ዘርግፎ እንዳወሳሰበው ፈትል፣ መያዣ መጨበጫ የሌለው መስመር ይሆናል። ልዩነቱ ፈትሉ በሙሉ አንድ ቁጥር መሆኑ ነው፤ ወፍራምና ቀጭን የለውም።

ቫይነን በ1957 ያወጣቸው ጥናቶች የዚህ መሠረት ናቸው። ያናወጠው በፕሮፔለር አይደለም። በሙቀት ነው። በአንድ ወገን የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ማሞቂያ ስታስቀምጥ፣ ተራው ፈሳሽ ሙቀቱን ይዞ ከማሞቂያው ይሸሻል፤ ሰበቃ የለሹ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ማሞቂያው ይመጣል። በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሁለት ወገን ፍሰት። ፓምፕ የለ፣ ቫልቭ የለ። ሙቀቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ያ ውስብስብ ፈትል ይፈጠርና ሁለቱን ፈሳሾች እርስ በርስ ያፋትጋቸዋል። ጠፋ የተባለው ሰበቃ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ደግሞ መለኪያ አለው። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ሙቀት በሞገድ ነው የሚጓዘው፣ እንደ ድምፅ። አዙሪቶቹ ሞገዱን ያደክሙታል። ምን ያህል እንደደከመ ከለካህ፣ ዕቃው ውስጥ ስንት ሜትር አዙሪት እንዳለ ታውቃለህ። የማይታይ ነገርን በሜትር!

በዓይን ለማየት ግን ብዙ ተጠብቋል። በ2006 ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢውሊ፣ ላትሮፕና ስሪኒቫሳን ሃይድሮጅን ጋዝን ከሂሊየም ጋዝ ጋር ቀላቅለው ወደ ፈሳሹ ነፉት። ሃይድሮጅኑ በዚያ ቅዝቃዜ ወዲያው በረዶ ይሆናል፤ እጅግ የደቀቀ በረዶ። ብርሃን ሲበራበት ያብለጨልጫል። ከ2.17 በላይ ብናኙ በፈሳሹ ውስጥ እንዲሁ ተበትኖ ይንሳፈፋል። ከዚያ በታች ሲወርድ ብናኞቹ አዙሪቶቹ ላይ እየተሳቡ ይሰለፋሉ፣ ጨለማው ውስጥ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ።

ቀጥሎ የሚሆነውን የእህቴ ልጅ በቪዲዮ አሳየችኝ። እኔን የገዛኝ ይህ ነው። ሁለት መስመሮች ይቀራረባሉ። ቀስ ብለው ነው የሚቀራረቡት፣ ሥራ የፈቱ ይመስላሉ። ሊነካኩ ሲሉ ይፈጥናሉ። ከዚያ ይነካካሉ፣ እዚያው ላይ ይበጠሳሉ፣ ወዲያው ደግሞ ጫፍ ተለዋውጠው ይገጣጠማሉ። የግራው ላይኛ ጫፍ ከቀኙ ታችኛ ጫፍ ጋር ሆነ ማለት ነው። አዲሶቹ መስመሮች መሃላቸው ላይ ሹል ጉብጠት ይዘው በኃይል ተስፈንጥረው ይራራቃሉ። ብናኞቹ አብረው ይወረወራሉ። ሁሉም ነገር ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ ያልዘለለ ጊዜ ነው የሚወስደው። ፋይንማን በ1955 መስመሮቹ እንዲህ ይገጣጠሙ ይሆናል ብሎ በወረቀት ላይ ስሎት ነበር። ሽዋርዝ የተባለ ሰው በ1980ዎቹ በኮምፒውተር አስልቶታል። ሜሪላንዶች ግን ቀረጹት።

ይህን ካየሁ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዬን መልሼ ጠየቅኳት። «ሰበቃ ከሌለ ነውጡ በምን ይሞታል?»

«ጋሼ፣ ጠያቂውማ አንተ ነህ» ብላ ሳቀች። «ስለዚህ ነገር ነው ሰዎቹ ሲከራከሩ የኖሩት።»

ውሃ ውስጥ ትልቁ አዙሪት ትንሹን ይወልዳል፣ ትንሹ ከእሱ የሚያንሰውን፣ መጨረሻ ላይ ሰበቃ ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህን የጉልበት መውረድ ኮልሞጎሮቭ በ1941 በሒሳብ አስቀምጦታል። ሂሊየሙ ሞቅ ሲል፣ ማለት ከ1 ኬልቪን ከፍ ሲል፣ ተራው ፈሳሽ ስላለ በእሱ በኩል ይጨርሰዋል። ተራው ፈሳሽ ከሞላ ጎደል ሲጠፋ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። የተስፈነጠሩት መስመሮች ላይ ያ ሹል ጉብጠት ሞገድ ሆኖ በመስመሩ ላይ ይሮጣል። ሎርድ ኬልቪን በ1880 በአዙሪት ላይ ስለሚሮጥ ሞገድ ጽፎ ነበርና በስሙ ይጠሩታል። ሞገዱ እያነሰ፣ እየደቀቀ ይሄዳል። በጣም ሲደቅ ድምፅ ሆኖ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ነውጡ የሚሞተው በጩኸት ነው ማለት ነው፤ እኛ በማንሰማው ጩኸት። እየደቀቀ የሚሄድበት ዝርዝር ላይ ነው ክርክሩ።

የሚገርመው ሌላው ነገር እነሆ። በ1998 ፓሪስ ውስጥ ሞረርና ታቤሊንግ ሂሊየሙን በተቃራኒ አቅጣጫ በሚዞሩ ሁለት ዲስኮች መካከል አናወጡት። ከ2.17 በላይም ለኩ፣ በታችም ለኩ። ጉልበቱ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድበት ሥርዓት አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ያው ኮልሞጎሮቭ ለውሃና ለአየር ያስቀመጠው። ከሩቅ ሲታይ ሱፐርፍሉይዱ እንደ ውሃ ይናወጣል። ከቅርብ ሲታይ ሌላ ፍጥረት ነው። ብዙ መስመሮች በአንድ አቅጣጫ ተቧድነው ሲዞሩ ትልቅ አዙሪት ይመስላሉ፤ አንድ በአንድ ስትመለከታቸው ግን ሁሉም ያው የተቆረጠው መጠን ነው።

ይህ ለእኔ ቢጤው ምን ያደርግለታል? ከአዳማ ወጣ ብለው ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ዙር 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። ተራርቀው የተተከሉት ለውበት አይደለም። አንዱ ከኋላው የሚተወው የተናወጠ ነፋስ ለሚቀጥለው ተርባይን ሸክም ስለሆነ ነው። የነውጥ ሒሳብ ግን እስካሁን ያልተፈታ ነው፤ ፈሳሽ የሚመራበትን እኩልታ ስለሚመለከት አንድ ጥያቄ ከ2000 ጀምሮ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተቀምጦለታል። ችግሩ የውሃና የአየር አዙሪት ድንበር የለውም፤ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል ማለት ያስቸግራል። ሂሊየም ውስጥ ያለው ይቆጠራል። ይህ ነው ሰዎቹን ወደዚያ ብርድ የወሰዳቸው።

ቀጥታ ጥቅምም አለው። ጄኔቫ አጠገብ፣ ከመሬት በታች ባለው፣ ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ቅንጣቶችን በሚያስሮጥበት 27 ኪሎ ሜትር ቀለበት ውስጥ፣ ማግኔቶቹ የሚቀዘቅዙት በ1.9 ኬልቪን ሱፐርፍሉይድ ሂሊየም ነው። ከ100 ቶን በላይ ሂሊየም አለ። እዚያ ሙቀት በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወጣ የሚወስነው ያ ውስብስብ ፈትል ነው። ማግኔት የሚያቀዘቅዝ ኢንጂነር «ሳይናወጥ ለዘላለም ይፈሳል» የሚለውን ጽሑፋችሁን አምኖ ቢሠራ ጉድ ይሆን ነበር። ሰማይ ላይም ኒውትሮን ኮከብ የሚባሉት፣ ከፈነዳ ትልቅ ኮከብ የቀሩ እጅግ የታመቁ ኮከቦች፣ ውስጣቸው ሱፐርፍሉይድ እንዳለ ይታመናል። ቬላ የተባለው በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ቀስ በቀስም ይዘገያል፤ በ1969 ግን በድንገት ፈጠን ብሎ ተገኘ። በ1975 አንደርሰንና ኢቶ ያቀረቡት ማብራሪያ፣ ኮከቡ ቅርፊት ላይ ተሰክተው የነበሩ አዙሪቶች በአንድ ጊዜ ሲነቀሉ ነው የሚል ነው። የግድግዳው ሻካራ ቦታ እዚያም አለ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ሳይንስ ስትጽፉ ሁልጊዜ «የማይታመን» የሚለውን መርጣችሁ፣ የሚታመንበትን ምክንያት ትተዉታላችሁ። አንባቢው አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ የያዘው ነገር የለም። ያች ጥጃም ብትሆን ለምን ሁለት ራስ ኖራት? ይህንንም አልጻፋችሁም። አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ ስለ ሱፐርፍሉይዱ ፍጥነት፣ ሌላ አንድ አንቀጽ ስለ አዙሪቱ፣ ገጹ አይጠብም ነበር። ለማስታወቂያማ ሙሉ ገጽ አላችሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የኤምአርአዩን እርማት በሚቀጥለው እትም አውጡልን፤ ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም። ስለ ነውጡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሠሩ፣ ከድንቃድንቁ ገጽ ወጣ አድርጋችሁ። ሥዕል ካስፈለገ የበርክሌዩን የ1979 ፎቶ ፈቃድ ጠይቃችሁ ብታወጡት ከጥጃዋ ይሻላል። የእህቴ ልጅ ረቂቁን አይታ ለማረም ፈቃደኛ ነች፤ ጠይቄያታለሁ። አድራሻዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተለየ ወረቀት አያይዣለሁ፣ እሱን አታትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የፓምፕ መካኒኩ አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ